ፍልሰታን በቮልጋ ላይ፦ ከሞስኮ እስከ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ

ነሐሴ 8፣ ሞስኮ

ጋሼ መርከቧን ገና ከሩቅ እንዳዩዋት "ይቺማ ጀርመን ናት" አሉ። ልክ ናቸው። ዛሬም ቮልጋ ላይ ከሚመላለሱት ባለ አራት ደርብ የመንገደኛ መርከቦች ብዙዎቹ በሶቭየት ዘመን ቦይዘንቡርግ በምትባል የምሥራቅ ጀርመን ከተማ የተሠሩ ናቸው። ቀለሟ ታድሷል፣ ካቢኑ ውስጥ ሻወርና ማቀዝቀዣ ገብቷል፤ የደረጃው ብረትና የበሩ እጀታ ግን ያው የድሮው ነው።

ጋሼ አጎቴ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ እዚሁ ሞስኮ የውሃ ምህንድስና ተምረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከአፋቸው የማይጠፋው ቮልጋ ነው፤ ተማሪ ሳሉ ወንዙን ያዩት ከባቡር መስኮት ብቻ ነበር። እኔን የሳበኝ ሙዚቃው ነው። ፕሮግራሙ ማታ ማታ በመርከቧ አዳራሽ ፒያኖ፣ ቫዮሊንና አንድ የኦፔራ ድምፃዊ እንደሚኖሩ ይናገራል። እሳቸው ግድብ ሊያዩ፣ እኔ ኮንሰርት ልሰማ ተሳፈርን።

የሰሜኑ የወንዝ ጣቢያ በ1937 የተሠራ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ፣ የጉዞውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መርከብ እንዲመስል ተብሎ የተነደፈ ሕንፃ ሲሆን ጫፉ ላይ ኮከብ የተሸከመ ረጅም ማማ አለው። ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2020 ታድሶ ተከፍቷል። መምጣት ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልንገር፦ ከውጭ የተሰጠ ቪዛ ካርድም ሆነ ማስተርካርድ ከ2022 ወዲህ እዚህ አይሠራም። ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

ዛሬ ለእኛ የፍልሰታ ስምንተኛ ቀን ነው። ለሩሲያ ኦርቶዶክሶች ደግሞ የዚያው ጾም መግቢያ ነው፤ በዚህ ቀን ማር ያስባርካሉ። እስከ ነሐሴ 21 ጾመው በማግሥቱ በዓሉን ያከብራሉ። ጋሼ አስተናጋጇን "ጾመኞች ነን" ሲሏት ምንም አልገረማትም፤ ከካቢን ቁጥራችን አጠገብ ምልክት አድርጋ ሄደች። ራታችን የጎመን ሾርባ፣ ድንች በእንጉዳይና ጥቁር ዳቦ ሆነ።

ስንነሣ ድምፅ ማጉያው "የስላቫዊቷ ስንብት" የሚባለውን ማርሽ ለቀቀ። በ1912 አጋፕኪን የሚባል የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ የደረሰው ነው፤ የሩሲያ መርከብ ያለ እሱ ከወደብ የሚነቃነቅ አይመስልም። ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፣ ወደቡ ላይ የቀሩት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። ያስቃሉ ብዬ ዞር ስል ዙሪያችን ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ቆመዋል።

ከዚህ እስከ ቮልጋ 128 ኪሎ ሜትር ቦይ ነው። ጋሼ ሽሉዝ የሚሉትን ነገር አስረዱኝ፦ መርከቧ ግራና ቀኙ የሲሚንቶ ግድግዳ የሆነ ረጅም ገንዳ ውስጥ ትገባለች፣ ከኋላዋ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይቀነሳል ወይም ይጨመራል፣ ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። ያክሮማ አጠገብ ያለው ሽሉዝ ማማዎቹ ላይ ከመዳብ የተሠሩ የኮሎምበስ መርከብ አምሳያዎች ተቀምጠዋል። ሌሊት በመብራት አየናቸው።

"ማን ቆፈረው?" አልኳቸው።

"እስረኛ ነዋ" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፦ "ለእኛ ያስተማሩን ስንት ኪዩቢክ ሜትር እንደ ወጣ ነበር። ስለ ሰዎቹ የሰማሁት አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው።"

ከ1932 እስከ 1937 በሥራው ላይ የተሰማሩት የእስረኞች ካምፕ ድሚትላግ ይባል ነበር፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በመንገዳችን ያለችው ድሚትሮቭ ነበረች። በጨለማ አለፍናት።

ነሐሴ 9፣ ካልያዚንና ኡግሊች

ጠዋት በዱብና በኩል ቮልጋ ውስጥ ገባን። በቦዩ አፍ 25 ሜትር የሚረዝም ሌኒን ቆሟል። ከማዶ እኩያው ስታሊን ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ መቆሚያው ብቻ ቀረ። ዱብና የኒውክሌር ሳይንቲስቶች ከተማ ናት፤ ዱብኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው።

ካልያዚን ጋ ስንደርስ መንገደኛው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ግር አለ። ወንዙ ውስጥ ነጭ የደወል ማማ ብቻውን ቆሟል። 74 ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ በ1800 ከቅዱስ ኒኮላስ ካቴድራል ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የኡግሊች ግድብ ሲገደብ የከተማዋ አሮጌ ክፍል ውሃ ገባበት። ካቴድራሉን አስቀድመው አፈረሱት፣ ማማው ቀረ። ውብ ነው፣ አይካድም፤ ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ተዘርግቷል። አጠገቤ የነበሩት ሩሲያዊት አሮጊት ግን ፎቶ አላነሡም፤ አማትበው ወደ ውስጥ ገቡ። ስለ ግድብና ስለ ተፈናቃይ ለእኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ጋሼም ስለ ኪሎዋቱ አላወሩም።

ኡግሊች ላይ የጠበቀን የተቀጣ ደወል ነው። በግንቦት 1591 የአስፈሪው ኢቫን የመጨረሻ ልጅ፣ የስምንት ዓመቱ ድሚትሪ፣ በግቢው ውስጥ ጉሮሮው ተቆርጦ ተገኘ። ደወል ተደወለ፣ ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ ገዳዮቹ እነዚህ ናቸው ያላቸውን ገደለ። ከሞስኮ የመጣው ፍርድ ሰዎቹን ብቻ አልነካም። ደወሉን አውርደው ምላሱን ነቀሉት፣ ጆሮውን ቆረጡት፣ ገረፉትና ሳይቤሪያ፣ ቶቦልስክ ድረስ አጋዙት። የተመለሰው በ1892 ነው። አሁን በሕፃኑ ስም በተሠራው፣ ጉልላቱ ሰማያዊ በሆነ ቀይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰቅሏል። እንዲህ ያለ ታሪክ የተሸከመ ደወል ግዙፍ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አይደለም። አስጎብኚዋ በመዳፏ መታ አደረገችው፤ ደረቅ ያለ ድምፅ ሰጥቶ ቶሎ ጠፋ።

ማታ በአዳራሹ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ግራጫ ሱፍ ለብሶ ወጣ። ዘውድ የለ፣ ካባ የለ። የቦሪስ ጎዱኖቭን ዜማ ዘፈነ፤ ሕፃኑን አስገድሎ ነገሠ ተብሎ የሚታማው፣ በዓይኑ ላይ የሞተው ልጅ እየመጣ የሚያሰቃየው ንጉሥ። ታሪክ ጸሐፊዎች በነገሩ ዛሬም አልተስማሙም፤ ኪነ ጥበብ ግን ፈርዶበታል። ፑሽኪን በ1825 ድራማ አድርጎ ጻፈው፣ ሙሶርግስኪ ኦፔራ አደረገው። አዲስ አበባ ላይ በስሙ አደባባይ የሰየምንለት ፑሽኪን ማለት ነው። የእናቱ አያት አብርሃም ሃኒባል ከእኛ ወገን ነው ወይስ ከካሜሩን በኩል የሚለው ክርክር እንዳለ አለ፤ ጋሼ ጋ ግን ክርክር የሚባል ነገር የለም። ድምፃዊው እንደ ጨረሰ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞረው በሩሲያኛ "ግጥሙ የእኛ ልጅ ነው" ብለው አረፉት።

ከዚያ ፒያኖ ተጫዋቿ ብቻዋን ቀረችና የቻይኮቭስኪን ባርካሮላ ጀመረች፤ ለአሥራ ሁለቱ ወራት ከደረሳቸው አጫጭር ሥራዎች የሰኔዋ፣ የጀልባ ዜማ። ሁለት ገጽ እንኳ ሳትጫወት መርከቧ የኡግሊች ሽሉዝ ውስጥ ገባች። በመስኮቱ የነበረው የምሽት ብርሃን ጠፋና እርጥብ ሲሚንቶ መጣ፤ እጅ ቢዘረጋ የሚነካ፣ አረንጓዴ ሽበት ያበቀለ፣ ከስንጥቁ ውሃ የሚያንጠባጥብ። ውሃው ሲወርድ እኛም አብረን ወረድን፤ ግድግዳው በዝግታ ከፍ እያለ ሄደ፣ አዳራሹ ጨለመ። ሞተሩ የተለሳለሰውም ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ከእግራችን ሥር የሚያጉረመርመው ነገር የፒያኖውን ዝቅተኛ ድምፆች ሲበላ እንደነበር ያወቅሁት ዝም ሲል ነው። ልጅቷ ቀና አላለችም። ግራ እጇ እንደ መቅዘፊያ ይመላለሳል፣ ግድግዳው ይወጣል። የሞስኮን ትልልቅ አዳራሾች ላየ ሰው ይህ ፒያኖ ቅኝቱ የላላ፣ የመርከብ እርጥበት የጎዳው ተራ ፒያኖ ነው። በዚያ ገንዳ ውስጥ ግን በየትም አዳራሽ የማይገኝ ቦታ አግኝቶ ነበር።

ነሐሴ 10፣ ሚሽኪን፣ ሪቢንስክ

ሚሽኪን የአይጥ ከተማ ናት። አንድ ልዑል ዳር ላይ ተኝቶ ሳለ አይጥ ፊቱ ላይ ሮጣ ቀሰቀሰችው፣ ሲነቃ እባብ ወደ እሱ እየመጣ ነበር ይላሉ፤ በዚያ ምክንያት የአይጥ ሙዚየም አላቸው። ለልጆች ደስ ይላል። ስሚርኖቭ የተባለው የቮድካ ነጋዴም ከዚህ አካባቢ የወጣ ነው፤ የእሱም ሙዚየም አለ። በጾም ምክንያት በሁለቱም በር ላይ አለፍን ብዬ ብጽፍ ጋሼ ይቆጡኛል፣ የአይጡን አይተናል።

ከሰዓት በኋላ የሪቢንስክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ጠርዝ ላይ ደረስን። 4,580 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣናን ይበልጣል። መሞላት የጀመረው በ1941 ሲሆን እስኪሞላ ወደ 1947 ሄደ። ሞሎጋ የምትባል ሙሉ ከተማና በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮች ከሥሩ ናቸው፤ ወደ 130,000 ሰው ተነሥቷል። እዚህ እንደ ካልያዚን ያለ ማማ የለም። ለመንገደኛው የሚታየው ውሃና ሰማይ ነው፣ ከሽሉዙ አጠገብ ደግሞ "እናት ቮልጋ" የሚሏት ትልቅ ሐውልት። በድምፅ ማጉያው የተነገረን ስለ ሐውልቷ ብቻ ነበር። ስለ ሞሎጋ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው።

ሪቢንስክ በአንድ ወቅት የመርከብ ጎታቾች ዋና ከተማ ነበረች። ከዚህ በላይ ወንዙ ጥልቀት ስለሌለው ከታች የመጣው እህል ከትልልቁ ጀልባ ወደ ትንንሹ ይገለበጥ ነበር። እንፋሎት ሳይመጣ በፊት ጀልባውን በወንዙ ላይ ሽቅብ የሚስበው ሰው ነው፤ ደረቱ ላይ የቆዳ ማንገቻ አስሮ፣ በረድፍ ሆኖ፣ ዳር ዳሩን። በየጸደዩ ሥራ ፈላጊው እዚህ ተሰብስቦ ይቀጠር ነበር።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማታ ምን ቀረበ? ከ"ስዋን ሌክ" የተቆራረጠ ቫልስ፣ ግማሹ ከኮምፒውተር በተለቀቀ ኦርኬስትራ ታጅቦ፣ ከዚያ "ካሊንካ"፣ ከዚያ ጭብጨባ። ሰዉ ሹካውን ሳያስቀምጥ ነው ያጨበጨበው። ቫዮሊን ተጫዋቹ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሲጫወት ግን ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ሲያይ አይቼዋለሁ። አልፈርድበትም። የዚህ ጉዞ ኮንሰርት የሚያምረው ዜማው ከምናልፍበት ዳርቻ ጋር ሲገጥም ነው፤ ሳይገጥም ከሆቴል ራት ሙዚቃ አይለይም።

ነሐሴ 11፣ ያሮስላቭል

በ1010 የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ባለ 1000 ሩብል ኖት ላይ የምትታየውም እሷ ናት። መሐል ከተማዋ በ2005 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ኮቶሮስል ወንዝ ቮልጋን የሚገናኝበት ሹል መሬት ላይ መናፈሻ አለ፣ ሙሽሮች ሞልተውታል። በሩሲያ የመጀመሪያው ሕዝባዊ ቲያትር የተጀመረውም እዚህ ነው፣ በ1750።

እኔ ግን ቀኑን የሰጠሁት ለኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለት ወንድማማች ነጋዴዎች ያሠሩት ነው፤ በ1650 ተፈጸመ። ከ30 ዓመት በኋላ ጉሪ ኒኪቲንና ሲላ ሳቪን የተባሉ የኮስትሮማ ሠዓሊዎች ከነረዳቶቻቸው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሞሉት። ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ፤ በር ላይ ለባዶ ራስ ሻርፕ ያድላሉ፣ እኔን ግን ጠባቂዋ አይታ አንገቷን ነቀነቀችና አሳለፈችኝ። ጽሑፉን አላነብም፤ ሥዕሉን ግን ማንም የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያሳደገው ሰው ያነበዋል። ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ይወጣል፤ ኤልሳዕ መጎናጸፊያውን ይቀበላል። ከሥር ደግሞ የሱነማዊቷ ሴት ታሪክ አለ። መጽሐፉ ልጁ ወደ አባቱ ወደ አጫጆቹ ሄደ፣ ራሱን አመመው ይላል፤ ሠዓሊዎቹ ያችን አንዲት መስመር ይዘው ሙሉ አዝመራ ዘርግተዋል። ቀይና ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱ አጫጆች በማጭድ ጎንበስ ብለዋል፣ አጃው ወርቅ ሆኖ ቆሟል። የያሮስላቭል ገበሬዎች ናቸው፣ ከእስራኤል የመጣ የለም። ደግሞ የሚገርመው ንድፉን ያገኙት ፒስካቶር የሚባል የሆላንድ አሳታሚ ካወጣው ሥዕላዊ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የሆላንድ ሥዕል፣ የእስራኤል ታሪክ፣ የቮልጋ ሸሚዝ።

ጋሼ አጫጆቹን ቆጠሩ፣ ማጭዱን መረመሩ፣ "አያያዛቸው ትክክል ነው" ብለው መሰከሩ።

ከዚያ "ሙዚቃና ጊዜ" የሚባል የግል ሙዚየም ገባን። ሰዓት፣ ግራሞፎን፣ የሙዚቃ ሳጥን፣ ደወል፣ የከሰል ካውያ ሁሉ በየመደርደሪያው ነው። የማይነካ ሙዚየም አይደለም፤ ያጫውቱላችኋል። የተደረደሩ የፈረስ ቃጭሎችን አንዲት ወጣት በትንሽ መዶሻ እየመታች ዜማ አወጣችባቸው። ያሮስላቭል የቴነር ዘፋኙ የሶቢኖቭም አገር ናት፣ በ1872 የተወለደባት፤ ግራሞፎኑ የእሱን ድምፅ ሲያወጣ ከሸክላው መንኳኳት በላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ነሐሴ 12፣ ኮስትሮማ

ኮስትሮማ በአይብ የታወቀች ናት፤ በጾም ደረስንባት። በተልባ እግር ጨርቅም ትታወቃለችና ጋሼ ለእትዬ የጠረጴዛ ልብስ ገዙ፣ ሲከራከሩ ሻጯ በሳቅ ሞተች።

ኢፓቲየቭ ገዳም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በ1613 የ16 ዓመቱ ሚካኤል ሮማኖቭ ከእናቱ ጋር እዚህ ተጠልሎ ሳለ "ንጉሣችን ሁን" የሚል መልእክት መጣለት፤ ያ ሥርወ መንግሥት እስከ 1917 ቆየ። ትውፊቱ እንደሚለው ኢቫን ሱሳኒን የተባለ የዚህ አገር ገበሬ ልጁን ሊገድሉ የመጡትን የፖላንድ ወታደሮች "መንገድ አሳያችኋለሁ" ብሎ ጫካ ውስጥ አስገብቶ አጠፋቸው፣ እሱም ሞተ። ግሊንካ በ1836 በዚህ ታሪክ ላይ ኦፔራ ሠራ፤ "ሕይወት ለንጉሡ" ይባል ነበር። ሶቭየቶች በ1939 ግጥሙን አስቀይረው ንጉሡን አወጡትና "ኢቫን ሱሳኒን" ብለው መለሱት። ጋሼ ተማሪ ሳሉ ያዩት ይህንኛውን ነው። "እኛ ስናየው ማንን እንዳዳነ ግልጽ አልነበረም፤ አገር ነው ያዳነው ተባልን" አሉ።

ዛሬ ማታ ድምፃዊው ወደ ቦታው ተመለሰ። ፀሐይ ስትገባ መርከቧ የገዳሙን ወርቃማ ጉልላት እያሳየች ስታልፍ የሱሳኒንን የመጨረሻ ዜማ ዘፈነ፤ ሌሊቱ ሳይነጋ እንደሚሞት ያወቀ ሰው ብቻውን የሚያንጎራጉረውን። ድምፁን ከፍ አላደረገም። የአዳራሹ በር ክፍት ነበርና ከወጥ ቤት ሁለት ሴቶች ሽርጥ እንደ ለበሱ መጥተው ደፉ ላይ ቆመው ሰሙት። ከትላንት በስቲያ በሪቢንስክ ያጨበጨበው ሰው ዛሬ ሹካውን አስቀምጧል።

ነሐሴ 13፣ ፕልዮስ

ቡሄ ነው። ሩሲያውያኑም ደብረ ታቦርን በዚሁ ቀን ያከብራሉ፤ የአፕል በዓል ይሉታል፣ አዲሱ አፕል ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሳይባረክ አይበላም። ወደቡ አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ሴቶች አፕል በቅርጫት፣ በባልዲ፣ በፌስታል ይዘው ተሰልፈዋል። ቄሱ በውሃ የተነከረ ትልቅ ብሩሽ ይዞ ይረጫል፣ ሳቅ እያለ፣ ፊታቸውን ሳይቀር እያራሰ። አንዲት እናት ነጠላዬን አይታ ሁለት አፕል ሰጠችኝ። ጋሼ "ሙልሙል የላቸውም እንጂ ቡሄስ ቡሄ ነው" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሆያ ሆዬ" አሉ፤ ተቀበልኳቸው፣ ማን ያየናል።

ፕልዮስ ሁለት ሺህ ሰው አካባቢ የሚኖርባት፣ ከኮረብታ ሥር በአንድ ጎዳና ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ሠዓሊው ሌቪታን ከ1888 እስከ 1890 በጋ በጋውን እዚህ እየመጣ ሣለ፤ ዛሬ ሀብታሙ የሞስኮ ሰው ቤት የሚገዛባት ሆናለች። ታላቁ የወፍራም ድምፅ (ባስ) ዘፋኝ ሻልያፒንም ወዷት የበጋ ቤት ሠርቶባታል።

ዳርቻው ላይ ሴቶች የተጨሰ ዓሣ ይሸጣሉ። ሌሽ የሚሉት ጠፍጣፋ፣ ቆዳው በጭስ ወርቅማ የሆነ የወንዝ ዓሣ ነው፤ ከጅራቱ በገመድ ታስሮ ይንጠለጠላል፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡሃል፣ ጣትህ ላይ ቅባቱ እስከ ማታ ይሸታል። ጾሙ ለሩሲያውያን ዓሣ የሚፈቅደው በዚህ በዓል ቀን ነው፤ ሻጮቹም ያንን እየጮኹ ያስታውሱሃል።

"ጋሼ፣ ይበላሉ?"

"እኔ የማን ጾም ነው የምጾመው? የእነሱን ነው?"

"እንዲያው ብጠይቅ ነው።"

"አንቺ ብዪ" አሉ። እኔ በላሁ። እሳቸው አፕላቸውን በቢላዋ እየቆራረጡ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሽታው ግን በሦስት ሜትር ርቀት አላስቀመጣቸውም።

ነሐሴ 14፣ ጎሮዴትስ

ቀኑ የመጠበቅ ቀን ሆነ። ከጎሮዴትስ ግድብ በታች ወንዙ በበጋ ስለሚጎድል ትልልቅ መርከቦች ግድቡ ውሃ እስኪለቅ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴም መንገደኛውን በአውቶቡስ ይወስዱታል። ጋሼ ከሁሉም ሰው በላይ ደስተኛ ነበሩ። የመርከቡን መካኒክ ይዘው በጥልቀትና በፍሰት ላይ ሲከራከሩ ዋሉ። ሌላው መንገደኛ ያማርራል፣ መልስ የሚሰጠው የለም፣ ሻይ ይጠጣል።

ሙዚቀኞቹ ያለ ፕሮግራም ወጡ። ፒያኖ ተጫዋቿ ከሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ከስክርያቢን አጫጭር ፕሬሉዶች ተጫወተችና ታሪክ ነገረችን። በ1910 ኩሴቪትስኪ የሚባል የኦርኬስትራ መሪ በራሱ ገንዘብ መርከብ ተከራይቶ፣ ኦርኬስትራውን ሙሉ አሳፍሮ፣ ከትቬር እስከ አስትራካን በቮልጋ ወረደ። በየከተማው ይቆማል፣ ኮንሰርት ያሳያል፣ ይነሣል። ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ራሱ ስክርያቢን ነበር። በ1912 እና በ1914 ደገመው። ሽተርል የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊም አብሯቸው ሄዶ ሥሏቸዋል። በኋላ ኩሴቪትስኪ አሜሪካ ሄዶ የቦስተን ሲምፎኒን ለ25 ዓመት መርቷል። ልዩነቱን ልብ በሉት፤ እሱ ሙዚቃውን የወሰደው ዳርቻው ላይ ለሚኖረው ሰው ነው። እኛ ሙዚቃውን ለራሳችን ይዘን ዳርቻውን እያየነው እናልፋለን። ጎሮዴትስ ስንቆም ወደብ ላይ የነበሩት ልጆች በክፍቱ መስኮት ለመስማት ተጠግተው ነበር፤ መርከቧ ላይ ግን ያለ ትኬት መውጣት አይቻልም።

ነሐሴ 15፣ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ

ጋሼ ዛሬ ማልደው ለብሰው ጠበቁኝ። ይቺ ከተማ ከ1932 እስከ 1990 ጎርኪ ትባል ነበር፤ በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎቿ ምክንያት ለውጭ ዜጋ እስከ 1991 ዝግ ነበረች። የሶቭየትን መንግሥት የተቃወመው የፊዚክስ ሊቅ ሳካሮቭ ከ1980 እስከ 1986 የተጋዘው እዚህ ነው፣ የውጭ ጋዜጠኛ እንዳይደርስበት። "ጓደኛዬ የጎርኪ ልጅ ነበር። ቤቱ ሊወስደኝ ይለምነኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ፈቃድ የለኝም" አሉ። የኦካ ወንዝ ከቮልጋ ጋር ሲገናኝ ከክሬምሊኑ (ከከተማዋ የድሮ ምሽግ) ኮረብታ ቁልቁል ይታያል፤ ሁለት ቀለም ውሃ ጎን ለጎን ሄዶ ይቀላቀላል። ከወንዙ ወደ ላይ የሚወጣው የቸካሎቭ ደረጃ 560 ነው ተባለ። እኔ በመኪና እንውጣ አልኩ። እሳቸው በእግር ወጡ፤ ሦስት ቦታ ቆመው፣ ሦስቱንም ጊዜ እይታው ነው እያሉ።

ባላኪሬቭ በ1837 እዚህ ተወለደ። የወጣቶቹን የፒተርስበርግ የሙዚቃ ደራሲዎች ቡድን የመራው እሱ ነው፤ በዚህ ወንዝ ዳር የሰበሰባቸውን የሕዝብ ዜማዎች በ1866 አሳትሟል። ከእነሱ አንዱ የመርከብ ጎታቾቹ "ኤይ ኡክኔም" ነው፤ ገመዱን በአንድ ጊዜ ለመሳብ የሚቀባበሉት። ዓለም ያወቀው ሻልያፒን ሲዘፍነው ነው።

ለስንብቱ ምሽት የመርከቧ ድምፃዊ ወደ አዳራሹ አልገባም። መርከቧ ታስራ፣ ሞተሯ ጠፍቶ ሳለ የላይኛው ደርብ ላይ ቆመና ያለ ፒያኖ ጀመረ። መጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ ያህል ዝቅ አድርጎ፤ ረድፉ ሲቀርብ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲያልፍ ይሳሳል። ግጥሙን የሚያውቁት አሮጊቶች በየመሳቢያው ቦታ ላይ ብቻ ይገባሉ፤ አንድ ላይ፣ አጭር፣ ትንፋሽ ነው ማለት ይቻላል። ኮንሰርት ላይ ብዙ ጊዜ የሰማሁት ዜማ ነው፣ ሁልጊዜም ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ስንኝ ለምን እዚያ ጋ እንደሚቆረጥ ገባኝ፤ እግር የሚነሣበት ነው። ጋሼም ሲያበቃ "ይህ የሥራ ዘፈን ነው፤ ደቦ ነው" አሉ። ጎረቤታችን ምን እንዳሉ ጠየቋቸው፤ ጤፍ አጨዳ፣ ውድማ፣ ሆ በል፣ ሁሉንም በሩሲያኛ ሲያስረዱ እኩለ ሌሊት ሆነ።

ነሐሴ 16፣ ወደ ሞስኮ

በወንዝ ስንት ቀን የፈጀው መንገድ በላስቶችካ ባቡር አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ፍልሰታን ፈታን። ሩሲያውያኑ ገና ይጾማሉና ባቡሩ ካፌ ውስጥ ጋሼ ቅቤና እንቁላል ሲያዙ ከጎናቸው የነበሩት ሴትዮ አዘውት የነበረውን የአትክልት ሰላጣ ይዘው ገልመጥ አደረጓቸው፤ መርከቧ ላይ አብረውን የጾሙት ናቸው። ጋሼ የሁለቱን ቀን መቁጠሪያ ልዩነት ናፕኪን ላይ ጽፈው አስረዱ፣ ሴትዮዋ አላመኑም።

የቀረው የወንዙ ክፍል ከካዛን እስከ አስትራካን ነው። ካዛን ሻልያፒን በ1873 የተወለደባት ናት። መርከቦቹ ወንዙ በረዶ ከመያዙ በፊት፣ እስከ ጥቅምት ገደማ ይሄዳሉ። ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ዋጋ እያዩ ነው፤ ለጡረተኛ ቅናሽ አለ ይላል፣ ለውጭ አገር ጡረተኛ ይሁን አይሁን ደውለው ሊጠይቁ ነው።